የፈረስ መድን ከሕክምና በኋላ ያለውን ክትትል ምን ያህል ይሸፍናል? ውሉን የመረዳት መመሪያ

ቦራ ማንከስ የጀመረችው በኦክቶበር ነው። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት የአሥራ አንድ ዓመት ባዝራ ናት። ባለቤቷ ልጄ ናት፤ ከፋዩ እኔ ነኝ። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይተው የፊት ግራ እግሯ ጅማት መጎዳቱን ነገሩን። መድን ስለነበራት የመጀመሪያው ምርመራም የኖቬምበሩ ሕክምናም ተከፈለ። በፌብሩዋሪ መደረግ የነበረበትን የክትትል አልትራሳውንድ ግን በረዶውና የልጄ ፈተና ተደራርበውብን ወደ ኤፕሪል አጋማሽ ገፋነው። ውሉ ያለቀው ማርች 1 ነበር። የኤፕሪሉ 640 ዶላር ከኪሴ ወጣ። ማንም አላታለለኝም፤ አንቀጹ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። አባቴ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሳቸውን አስጊጠው ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጋር የሚሰለፉ ሰው ነበሩ። ፈረስ ሲያነክስባቸው ሰኮናውን አንስተው ያያሉ፣ ያሳርፉታል፣ የቀረውን ለፈጣሪ ይተዋሉ። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ ግን ያነከሰ ፈረስ ከሐኪም ቀጥሎ ወረቀት ይፈልጋል። ከዚህ በታች የጻፍኩት በዋናነት የአሜሪካንን አሠራር የሚመለከት ነው። ስለ እንግሊዝና ስለ ጀርመን መጨረሻ ላይ ጥቂት እላለሁ።

1. በእጅዎ ያለው የትኛው መድን እንደሆነ ይለዩ

አሜሪካ ውስጥ የፈረስ መድን መሠረቱ የሞት መድን ነው። ፈረሱ ቢሞት ወይም ቢሰረቅ ዋጋው ይከፈላል። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፍሉት ገንዘብ፣ የሚሰላው ከፈረሱ ዋጋ በመቶኛ ሲሆን፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ሥራው ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የሕክምና ሽፋን ብቻውን አይሸጥም ማለት ይቻላል፤ በሞት መድኑ ላይ በተጨማሪ ክፍያ የሚለጠፍ ነው። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምርመራን፣ መድኃኒትንና ቀዶ ሕክምናን በአንድነት የሚይዘው ሰፊ የሕክምና ሽፋን ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናን ብቻ የሚይዘው ጠባቡ ነው።

የውሉን የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም የፈረሱ ስም፣ ዋጋው፣ የውሉ ቀናትና የተገዙት ሽፋኖች የተዘረዘሩበትን ሠንጠረዥ ያውጡ። እዚያ ላይ የሞት መድን ብቻ ካለ የክትትል ሕክምና ቀርቶ የመጀመሪያው ምርመራም አይከፈልም። አንዳንድ ኩባንያዎች ከሞት መድኑ ጋር ለድንገተኛ የሆድ ቁርጠት ቀዶ ሕክምና የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሙሉ የሕክምና መድን ያለው ይመስለዋል። ጠባቡን የቀዶ ሕክምና ሽፋን የገዛ ሰው ደግሞ ወኪሉን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው እንክብካቤ ይሸፈናል ወይ? ከተሸፈነስ ለስንት ቀን?

2. አምስት ነገር በካርድ ላይ ይጻፉ

ውሉ ሃያ ገጽ ቢሆንም ለክትትል የሚያስፈልጉዎት አምስት ነገሮች ናቸው። እኔ በትንሽ ካርድ ጽፌ ከቦራ የክትባት ወረቀት ጋር አስቀምጫለሁ።

የመጀመሪያው ውሉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ነው። ሁለተኛው ጣሪያው፣ ማለትም ኩባንያው የሚከፍለው ከፍተኛው ገንዘብ ነው። 5,000፣ 7,500፣ 10,000 ወይም 15,000 ዶላር የተለመዱ ናቸው፤ ይህ ለአንድ ሕመም ይሁን ለዓመቱ በሙሉ መለየት አለበት። ሦስተኛው በቅድሚያ ከኪስዎ የሚወጣው መነሻ ሂሳብ ነው። አራተኛው ከዚያ በላይ እርስዎ የሚጋሩት መቶኛ ካለ እሱ ነው። አምስተኛው፣ እኔ የዘለልኩት፣ ሕመሙ የጀመረው ውሉ ሳያልቅ ከሆነ ውሉ ካለቀ በኋላ ለስንት ቀን ክፍያው እንደሚቀጥል የሚናገረው አንቀጽ ነው። የእኔ 30 ቀን ይል ነበር። ረዘም የሚያደርጉ አሉ፣ ጭራሽ የማይሰጡም አሉ።

መነሻ ሂሳቡ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ የክትትል ምርመራ ሲደረግ እንደ አዲስ ጉዳይ ተቆጥሮ መነሻው እንደገና ይቀነሳል? ወይስ የቀድሞው ጉዳይ ቅጥያ ነው? መልሱን በስልክ ከሰሙት በኢሜይል እንዲያረጋግጡልዎት ይጠይቁ።

3. የክትትሉን ወጪ በሦስት ክምር ይክፈሉ

የክትትል ሕክምና አንድ ነገር አይደለም። ሐኪሟ ለቦራ ያወጡት ፕሮግራም ስምንት ወር የሚፈጅ ነበር። በመጀመሪያ ጋጣ ውስጥ ዕረፍት፣ ቀጥሎ ገመድ ይዞ በቀን አሥር ደቂቃ ማንሸራሸር፣ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ መጨመር፣ ከወራት በኋላ ቀላል ሶምሶማ፤ በየ60 ቀኑ ገደማ ደግሞ አልትራሳውንድ። ከዚህ ውስጥ መድኑ የሚያውቀው ጥቂቱን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚከፈለው፣ ከታወቀው ሕመም ጋር የተያያዘ የሐኪም ድጋሚ ምርመራ፣ አልትራሳውንድና ራጅ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት፣ ሐኪም የሚቀይረው ፋሻና ስፌት ማውጣት ነው።

በከፊል የሚከፈለው ወይም የራሱ ትንሽ ጣሪያ ያለው ሾክዌቭ (ጅማቱን በድምፅ ሞገድ ማከም)፣ ከፈረሱ ከራሱ ደም ተጣርቶ ጅማቱ ላይ የሚወጋው ሕክምና፣ ግንደ ሕዋስና በውኃ ውስጥ የሚደረግ የማገገሚያ እንቅስቃሴ ነው። ግማሹን ብቻ እንከፍላለን የሚሉ ውሎች አሉ። ጅማት ለተጎዳ ፈረስ ትልቁ ወጪ ያለው እዚህ ክምር ውስጥ ስለሆነ፣ የውሉን ቃል አንድ በአንድ ያንብቡ።

የማይከፈለው ብዙ ነው። የጋጣ ኪራይ፣ ፈረሱን የሚያንሸራሽረው ሠራተኛ፣ የተጎታች መኪና ማጓጓዣ፣ ከሱቅ የሚገዛ ፋሻ፣ የመኖ ማሟያ፣ ክትባት፣ የጥርስ ሞረዳ፣ ለመገጣጠሚያ በየጊዜው የሚሰጥ የጥንቃቄ መርፌ ሁሉም ከውጪ ናቸው። ሰኮና ላይ የሚመታው ልዩ ብረትም፣ ሐኪም ያዘዘው ቢሆን እንኳ፣ ብዙ ጊዜ ከውጪ ነው። ሐኪሙ እስከ ጋጣው ድረስ ለመምጣት የሚጠይቁትን ሂሳብ አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ አይከፍልም።

4. ያዩ ዕለት ያሳውቁ

የአሜሪካ ውሎች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። ፈረሱ ሲታመም፣ ሲጎዳ ወይም ሲያነክስ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ፤ ገንዘብ ባይጠይቁም። ትንሽ ነው ብለው ሳያሳውቁ ቆይተው በሦስተኛው ሳምንት ሲብስ ቢደውሉ፣ ሦስት ሳምንት የት ነበርክ የሚባል ጥያቄ ይመጣል። የስልክ ቁጥሩንና የውሉን ቁጥር በጋጣው በር ላይ ይለጥፉ። ማታ ላይ ፈረሱን የሚያየው እርስዎ ሳይሆኑ የጋጣው ሠራተኛ ነውና።

ሕይወት ለማዳን የሚደረግ ድንገተኛ ሕክምና ፈቃድ ሲጠበቅ አይዘገይም። ጊዜ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ፈረሱን በመርፌ ከሥቃይ ለመገላገል ከተወሰነም፣ ሐኪሙ ሥቃዩ ጊዜ አይሰጥም ብለው ካልመሰከሩ በስተቀር፣ የኩባንያው ስምምነት አስቀድሞ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሞት ካሳው አደጋ ላይ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ስለ ቀን ትንሽ ልቆይ። ኩባንያው ሂሳብ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያነበው የሐኪሙን ማስታወሻ ነው። ሐኪሙ «ባለቤቱ እንደሚለው ለተወሰኑ ሳምንታት ልክ አልነበረችም» ብለው ከጻፉ፣ እነዚያ ሳምንታት ውሉ ከመጀመሩ በፊት የሚወድቁ ከሆነ ሕመሙ ነባር ይባላል፤ ከነባር ሕመም ጋር የተያያዘ ክትትል በሙሉ ይወድቃል። ሐኪሙን ቀን እንዲቀይሩ መጠየቅ ማጭበርበር ነው፤ አይሞክሩት። ነገር ግን ሲጠየቁ የሚያውቁትን በትክክል ይናገሩ። ልጄ ለሐኪሟ «ድሮም ሰነፍ ናት» ብላ ነበር። ከልምምድ በፊት መንቀሳቀስ የማትወድ መሆኗን ለማለት ነው። ማስታወሻው ላይ የሰፈረው ግን «ለረጅም ጊዜ መሥራት አትፈልግም» የሚል ነበር። ይህን ለማስተካከል ሁለት ደብዳቤና አንድ ወር ፈጅቷል።

5. የክትትሉን ፕሮግራም በጽሑፍ አስቀድመው ይላኩ

ሕመሙ እንደታወቀ ሐኪሙን የጽሑፍ ፕሮግራም ይጠይቁ። የትኛው እግር፣ የትኛው ጅማት፣ ድጋሚ ምርመራው በየትኛው ሳምንት፣ ምን ዓይነት ምስል እንደሚነሳ፣ ስንት ጊዜ ሾክዌቭ፣ የእያንዳንዱ ግምታዊ ዋጋ ይኑርበት። ከዚያ ለኩባንያው ይላኩት። በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ይህን ይዘት ይያዙ፦

«የፈረሱ ስም ቦራ፣ የውል ቁጥር ይህ፣ የካሳ ጥያቄ ቁጥር ይህ። የፊት ግራ እግር ጅማት ጉዳት፣ ኦክቶበር 14 የታወቀ። የሐኪሙ የክትትል ፕሮግራም ተያይዟል። እባክዎ የትኞቹ እንደሚከፈሉ፣ በምን ያህል መቶኛ፣ እስከ የትኛው ቀን ድረስ፣ የትኞቹስ ቅድመ ፈቃድ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይግለጹልኝ። ውሉ ማርች 1 ስለሚያልቅ ከዚያ በኋላ የሚደረጉትን በተለይ ይግለጹልኝ።»

ይህ ኢሜይል ከመጀመሪያው ቢላክ ኖሮ 640 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር። መልሱ እንደመጣ የምርመራ ቀናቱን ከውሉ ማብቂያ ጋር አስተያይተው፣ ሐኪሙ ጉዳት የለውም ካሉ፣ ውሉ ከማለቁ በፊት ወዳለ ቀን ይሳቧቸው።

6. ጣሪያው ለክትትል ይተርፍ እንደሆነ ያስሉ

ጅማት ቀስ ብሎ ገንዘብ ይበላል። የሆድ ቁርጠት ቀዶ ሕክምና በአንድ ሌሊት ይበላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። ጣሪያው 10,000፣ መነሻው 500 ዶላር ነው። ቀዶ ሕክምናውና የሆስፒታል ቆይታው 9,400 ሆነ። ኩባንያው 8,900 ከፈለ። ስለዚህ ለቀሪው ክትትል 1,100 ዶላር ቀረ። ፈረሱ ቤት ሲገባ ስፌት ማውጣት አለ፣ ቁስሉ ቢመረቅዝ የደም ምርመራና መድኃኒት አለ፣ በጋጣ ለአንድ ወር ሲታሰር የሚመጣ ጣጣም አለ። የተለመደው ማገገሚያ አንድ ወር ጋጣ፣ አንድ ወር ትንሽ አጥር፣ አንድ ወር ሰፊ መስክ ነውና ሦስት ወር ሳይሞላ ያ 1,100 ዶላር ሊያልቅ ይችላል። አንዳንድ ውል ደግሞ መነሻውን ከጣሪያው ውስጥ ስለሚቆጥር ቀሪው 600 ብቻ ይሆናል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የጨጓራ ቁስል ትንሽ ምሳሌ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይስታል። በኦሜፕራዞል የሚደረገው ሕክምና በተለምዶ 28 ቀን ሲሆን፣ መዳኑ የሚረጋገጠው ካሜራ እንደገና ወደ ጨጓራ በመላክ ነው። የመጀመሪያው ካሜራ ተከፍሎ ሁለተኛው «መቆጣጠሪያ ነው» ተብሎ እንዳይመለስ፣ ሁለቱም የአንድ ሕክምና ክፍል መሆናቸውን ሐኪሙ ከመጀመሪያው ይጻፉ።

7. ሂሳቡን ለይተው ያስጽፉ

አብዛኛውን ጊዜ ለሐኪሙ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ኩባንያው በኋላ ይተካልዎታል። ስለዚህ ሂሳቡ ራሱን የሚያስረዳ መሆን አለበት። የፈረሱ ስም፣ ቀኑ፣ የሕመሙ ስም፣ እግሩ፣ እያንዳንዱ ሥራ ከነዋጋው፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ከጎኑም የዕለቱ የሐኪም ማስታወሻ ይኑር። «ድጋሚ ምርመራ፣ 310 ዶላር» የሚል አንድ መስመር ጥያቄ ከመጥራት በቀር ጥቅም የለውም።

በጸደይ ወራት አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪሙ ለዓመታዊ ክትባት ሲመጡ «በዚያው አልትራሳውንዱንም እንይ» ይላሉ። ለመምጫው አንድ ጊዜ ስለሚከፍሉ ይጠቅምዎታል። ግን ክትባቱና ክትትሉ በአንድ ደረሰኝ ከወጡ፣ ኩባንያው የመምጫውን ሂሳብ ለክትባቱ ይሰጥና አይከፍልም፤ ባስ ሲልም ምርመራውን የዓመታዊ ምርመራ አካል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለት ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የሐኪሙ ጽሕፈት ቤት ይህን መጠየቅ የለመደ ነው። የማስገቢያ ቀነ ገደቡንም ከካርድዎ ላይ ይጻፉ፤ ደረሰኝ እስኪጠራቀም አይጠብቁ።

8. ውሉ ከመታደሱ 60 ቀን በፊት ቁጭ ይበሉ

ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ ኩባንያው በየዓመቱ እንደ አዲስ ያየዋል። ካሳ የተከፈለበት አካል በአዲሱ ውል ላይ ከሽፋን ውጪ መደረጉ የተለመደ ነው። ቦራ የጎዳት ግራው ቢሆንም አዲሱ ውል ላይ የሰፈረው «የሁለቱም የፊት እግሮች ጅማት» የሚል ነበር። ይህን ያወቅሁት አረቦኑን ከከፈልኩ በኋላ ነው። ከእድሳቱ በፊት ረቂቁን ይጠይቁ፤ ማግለያው ሰፊ ከሆነም በሐኪም ደብዳቤ እንዲጠብ ይከራከሩ። ጤነኛው እግር ጤነኛ መሆኑን የሚያሳይ ምርመራ ካለ ብዙ ጊዜ ይሰማሉ።

ማግለያ የዘላለም ላይሆን ይችላል። ፈረሱ ያለ ሕክምና የተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ በሙሉ ሥራ ላይ ከቆየ በሐኪም ምስክርነት እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄውን የሚያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ኩባንያው አያስታውስዎትም።

ተናድደው በሕክምና መሐል ኩባንያ አይቀይሩ። አዲሱ የሚያየው ያነከሰች ፈረስ ነው፤ ጉዳቱን ነባር ብሎ ያስቀረዋል። የቀድሞው ኩባንያ የሰጠዎት የማራዘሚያ ቀንም ውሉን ባለማደስዎ ሊቀር ይችላል። ዕድሜም ይታሰብ፦ ብዙ ኩባንያዎች የሕክምና ሽፋንን በአሥራዎቹ መጨረሻ ዕድሜ ላይ ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ።

9. አንከፍልም ካሉ

የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ ያንን አንቀጽ ለሐኪሙ አሳይተው ለእሱ ብቻ የሚመልስ አጭር ደብዳቤ ያስጽፉ፤ «ፈረሱ ሕክምና ያስፈልገዋል» የሚል አጠቃላይ ደብዳቤ ዋጋ የለውም። የውስጥ ይግባኙ ካልሠራ በየግዛቱ የመድን ተቆጣጣሪ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የመድን ቢሮ ነው፤ አቤቱታ ይቀበላል።

እንግሊዝ ያላችሁ ወገኖች ነገሩ ለእናንተ በሌላ ሒሳብ ይሄዳል። እዚያ የተለመደው አሠራር አንድ ሕመም ከታየበት ቀን አንሥቶ 12 ወር ወይም ጣሪያው እስኪሞላ ድረስ መክፈል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ሕመም ማግለል ነው። የሚቆጠረው ሐኪም ካየበት ቀን ሳይሆን ምልክቱ ከታየበት ቀን መሆኑን ልብ በሉ። ኩባንያው የመጨረሻ መልስ ከሰጠ ወይም ስምንት ሳምንት ካለፈ፣ ያለ ክፍያ ለፋይናንስ እንባ ጠባቂው ማቅረብ ይቻላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ብቻ መድን በስፋት ይሸጣል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው እንክብካቤ የሚከፈለው ለተወሰኑ ቀናት ስለሆነ ቀኑን ቆጥሮ መግዛት ነው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶች ስለዚህ ስነግራቸው ቦረና ስለተጀመረው የከብት መድን ያነሱብኛል። እሱ ሌላ ነገር ነው። ከ2012 ጀምሮ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል የተሸጠው ያ መድን የሚከፍለው ከሳተላይት በሚታይ የግጦሽ ልምላሜ መለኪያ ነው፤ ድርቅ ሲሆን ይከፍላል፣ የአንዲት እንስሳን የሐኪም ሂሳብ አያይም።

ቦራ በጁላይ ወደ ሶምሶማ ተመለሰች። ባለፈው እድሳት የቀኝ እግሯን ማግለያ አንስተውልናል። የግራውን በመጪው ማርች እንጠይቃለን፤ የሐኪሟ ምርመራ ለጃንዋሪ 20 ተይዟል፣ በረዶ ቢጥልም።